ጥፋቱ የማይኩ አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ብርድ ልብስ ይሰቅላል፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቀው ከተማ ደግሞ በዚህ አታሳፍርም። ማሚቶው ይቀንሳል። ቅጂው ተመልሶ ሲደመጥ ግን በቃላቱ መካከል ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል። ብርድ ልብስ የግድግዳን እንጂ የምላስን ድምፅ አይውጥም።

ያኔ የሚወቀሰው የተቀዳበት ባለማይክ ሄድሴት ነው። «ርካሽ ስለሆነ ነው» ተብሎ ሌላ ይገዛል። አዲሱም ያንኑ ቀጭታ፣ ይባስ ብሎ ጥርት አድርጎ ያሰማል።

የነገሩ ሥር ምራቅ ነው። አፍ ሲደርቅ ምራቅ ይወፍራል፤ ምላስ ከላንቃ፣ ከንፈር ከከንፈር ሲላቀቅ ድምፅ ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ አየሯ ውርጭ ያለበትና ደረቅ ነው። ብርዱ አፍንጫ ሲዘጋ ሰው በአፉ ይተነፍሳል፣ አፉም ይብሱን ይደርቃል። አረቄ ድፍረት ይሰጥ ይሆናል፤ አፍን ግን ያደርቃል። ከቀረጻ በፊት የተቆረጠመ ቆሎም ጥርስ ሥር ተደብቆ ይጠብቃል።

ዱሮ ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ ሬዲዮኑ መደርደሪያ ላይ፣ አድማጩ ደግሞ ራቅ ብሎ ተቀምጦ። ዛሬ ትረካ የሚደመጠው በኢርፎን፣ ጆሮ ውስጥ ተወትፎ ነው። በተናጋሪው በኩል ደግሞ የሄድሴት ማይክ ከንፈር ሥር ተለጥፏል፤ ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጎላል። ሁለቱ ሲገናኙ አድማጩ የሰው አፍ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማዋል።

«በኤዲቲንግ ይጠፋል» የሚለው መልስ ለአማርኛ አይመችም። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸና ቀ አጭርና ስለታም ፍንዳታ ያላቸው ድምፆች ናቸው። ቀጭታን አድኖ የሚያጠፋ ሶፍትዌር በርትቶ ከተለቀቀ የ«ጠጠር»ን ጠ ሳይቀር ሊያደበዝዝ ይችላል። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ አንድ በአንድ ከመልቀም ደግሞ አስቀድሞ አፍን ማርጠብ ይቀላል።

ለዚህም ከቀረጻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ውሃ ፉት እያሉ መጠጣት ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ባይሆን ጥሩ ነው። ኮምጠጥ ያለ ፖም ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ምራቅን ያቀጥናል። ማይኩ ከከንፈር ፊት ሳይሆን ከአፍ ጥግ ወደ ጉንጭ፣ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ይበል። ማይኩ ላይ የሚለበሰው ስፖንጅ ትንፋሽን ይከላከላል፤ ከቀጭታ ግን አያድንም።

ሁሉም የአፍ ድምፅ ግን ጥፋት አይደለም። አንዲት እናት በቃለ መጠይቅ የደረሰባቸውን ሲተርኩ ከንፈራቸውን ቢመጡ፣ ወይም አየር ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ቢሉ፣ ያ ንግግር ነው፤ ቆርጦ የሚጥል ኤዲተር ግማሹን ታሪክ ጥሏል። የጠያቂው ከንፈር መምጠጥ ግን ይቅር።

ሌላ ሄድሴት ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣ፣ ማይኩን ወደ ጉንጩ ያዙር፣ ያንኑ አንቀጽ ደግሞ ይቅዳና ሁለቱን በኢርፎን ያወዳድር።