ጉበቱ የታመመውን ሰው ጋኔን ያዘው ከማለታችሁ በፊት
ለአጥማቂ አባቶችና ለንስሐ አባቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጸበልን ልነቅፍ አይደለም። እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ ተጠምቄበታለሁ፤ ነገም እጠመቅበታለሁ። ገንዘብ እየተቀበሉ በየአዳራሹ ሕዝብ ለሚያስጮኹትም አልጽፍም፤ ለእነሱ መጻፍ ድካም ነው። የምጽፈው ሌሊት ተነሥታችሁ ያለ ክፍያ ለምታጠምቁት፣ የንስሐ ልጆቻችሁን ቤት እየዞራችሁ ለምትጠይቁት ለእናንተ ነው። ጉዳዬ ጉበቱ ጠጥሮ፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ሕመም ይዞት ደጃችሁ ስለሚደርሰው ሰው ነው።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሆዱ ተነፍቶ እምብርቱ ወጥቷል፤ ክንዱ ላይ ግን ሥጋ የለም። ዓይኑ ቢጫ ነው። ቀን ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት ሲቅበዘበዝ ያድራል። ክፉ ቃል ወጥቶት የማያውቅ ሰው ይሳደባል፣ ሚስቱን በሌላ ስም ይጠራል። ዘመድ ይህን ሲያይ "ለክፎት ነው"፣ "መተት ነው" ብሎ ይዞት ይመጣል።

አጎቴ እንዲህ ሆኖ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር፤ አልኮል በአፉ አይዞርም። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሲወጣ፣ በማግስቱ ደግሞ የገዛ ልጁን "አንተ ማነህ?" ሲለው ቤተሰቡ ጸበል ወሰደው። በገመድ ታስሮ ተጠመቀ። አልጮኸም፣ አልለፈለፈም፤ ዝም ብሎ እየደከመ ሄደ። ራሱን ሲስት ነው ሆስፒታል የገባው። ነቃ ሲል አንዲት ወጣት ሐኪም ሁለቱን እጆቹን ወደ ፊት አዘረጋችውና መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ መዳፎቹን ቀና እንዲያደርግ አዘዘችው። መዳፎቹ መቆም አቃታቸው። ወደቅ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ደግሞ ወደቅ። "ይሄ ከጉበቱ የመጣ ነው" አለች። ላክቱሎዝ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ታዘዘለት፤ ሆድ የሚያለሰልስ፣ ጉበቱ ያላጣራውን መርዝ በሰገራ ጠርጎ የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሱቁ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠየቀ፤ ደንበኛ ሊወስደው የነበረ ሱሪ ትዝ ብሎት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ለዓመታት ሲቆስል የቁስሉን ቦታ ጠባሳ ይይዘዋል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይጠጥራል፣ ይኮማተራል፤ ከአንጀት ወደ እሱ የሚሄደው ደምም መግቢያ ያጣል። መንገድ ያጣው ደም ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ያስቋጥራል፣ የምግብ ቧንቧን የደም ሥሮች ይወጥራል። ከአንጀት የሚነሣው አሞኒያም ጉበት ሳያጣራው አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ሰውየውን የሚያስቀባጥረው ይኸው ነው። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የውስጥ ደም መፍሰስ ሲጨመርበት ይብሳል። መንፈስ የለም አላልኩም፤ ያ የእናንተ እውቀት ነው። ሆዱ ተነፍቶ ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሰው ግን በመጀመሪያ ሐኪም ይየው ነው የምለው።

የአጎቴን ጉበት የበላው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሰፈሩ "በድብቅ ይጠጣ ነበር" ብሎ ሲያማው ኖሯል፤ ይህ ሐሜት ስንቱን ከምርመራ እንዳስቀረው እግዚአብሔር ይወቅ። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ሲያልፍ፣ ከ10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ ከእሱ ጋር ይኖራሉ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ምልክት ላያሳይም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 254 ሚሊዮን ሰዎች ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው ነበር። በዚያው ዓመት በቫይረስ የሚመጣ የጉበት በሽታ 1.3 ሚሊዮን ሰው ገድሏል።

ቫይረሱን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ ቴኖፎቪር ይባላል። በየዕለቱ የሚዋጥ ክኒን ነው። ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን የሚወስዱትም ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ የራሳችሁን ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ ሕሙማን ነበሩ፤ መድኃኒት መዋጥ የእምነት ጉድለት ይመስላቸው የነበሩም አልታጡም። የአንድ አባት ቃል ለእነዚያ ሰዎች ምን ያህል እንደሚከብድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚያስተምረውንም እኔ ለእናንተ አልነግርም።

የጉበት ሕመምተኛው ግን እስካሁን ያን ቃል አልሰማም። ጸበል ሲገባ ክኒኑን ያቆማል። ቴኖፎቪር በድንገት ሲቆም ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ሊነሣ ይችላል፤ የጠጠረ ጉበት ደግሞ ያን የሚሸከምበት አቅም የለውም። በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልለምን። የጠጠረ ጉበት ስንቅ አያስቀምጥም፤ ሰውየው ሳይበላ ሲውል ወይም ራቱን ሳይበላ ሲተኛ ሰውነቱ የራሱን ሥጋ ይበላል። ምስርና ሽሮው ይስማማዋል፣ ጨው ብቻ ይቀነስለት። የሚጎዳው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። ለሕመምተኛ ጾምን የማቅለል ሥልጣኑ የእናንተ ነው፤ እሱ ራሱ አፍሮ አይጠይቃችሁም፣ ቀድማችሁ ንገሩት። ጸበሉንም በጀሪካን አታስጠጡት፣ ትንሽ ይበቃዋል። ለማኅበርና ለዝክር ሲመጣም ጠላ እንዲጠጣ አይገደድ፤ ጠላም አልኮል ነው። ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት መኪና ይፈለግለት።

አባቶቼ፣ አጎቴ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ዓመት ያህል ሲሰፋ ኖሮ ነው ያረፈው። ቀድሞ ቢታወቅለት ኖሮ ረዘም ያለ ዕድሜ ሊኖረው ይችል ነበር። ነገ ሆዱ የተነፋ፣ የሚቀባጥር ሰው ይዘውላችሁ ሲመጡ ገመዱን አስፈቱለትና ለዘመዶቹ "መጀመሪያ ሆስፒታል ውሰዱት፤ እኔ እዚያው መጥቼ እጸልይለታለሁ" በሏቸው። እኛን አይሰሙንም፤ እናንተን ይሰማሉ።