ዲጄ ፕሬሚየር፦ ፋሽን ሳያሳድድ የዘለቀ ፕሮዲዩሰር

የሂፕ ሆፕ ፕሮዲዩሰር ዕድሜው አጭር ነው ይባላል። የዘንድሮው ቢት ለከርሞ ይሰለቻል፤ ከፋሽኑ ጋር ያልተለወጠም ከገበያ ይወጣል። የዲጄ ፕሬሚየር ሕይወት ግን ለዚህ አባባል አይመችም። በ1966 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ሂዩስተን የተወለደው ክሪስቶፈር ማርቲን ከራፐሩ ጉሩ ጋር፣ በጋንግ ስታር ስም፣ የመጀመሪያውን አልበም ያወጣው በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ የሂፕ ሆፕ ድምፅ ስንት ጊዜ ተገለባብጧል። እሱ ግን አሠራሩን አልቀየረም፤ ሥራም አላጣም።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አሮጌ የጃዝና የሶል ሸክላዎችን ያገላብጣል፤ ከአንዱ ጥቂት የፒያኖ ድምፅ፣ ከሌላው አጭር የቤዝ ምት ይወስዳል። የወሰደውን ኤምፒሲ በሚባለው መሣሪያ ቆራርጦ፣ በጣቱ እየመታ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል፤ ከሥሩም ጠንካራ ከበሮ ያስገባበታል። አዝማቹን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ራሱ ነው። ከሌሎች ራፐሮች ሥራ የለቀማቸውን ቃላት ሸክላውን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ ይገጣጥማቸዋል።

“ሥራዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው” የሚሉት ተቺዎች 1994ን መለስ ብለው ቢያዳምጡ ጥሩ ነው። በዚያ ዓመት ራፐሩ ናስ “ኢልማቲክ” የተባለውን አልበም ሲያወጣ ከዘፈኖቹ ሦስቱን የሠራው ፕሬሚየር ነበር። ከሦስቱ አንዱ በሆነው “ኒው ዮርክ ስቴት ኦፍ ማይንድ” ላይ የሚሰማው ጨለምተኛ ፒያኖ ከጃዝ ከበሮ መቺው ከጆ ቻምበርስ ሸክላ የተቀዳ ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የራፐሩ ጀሩ ዘ ዳማጃ አልበም ውስጥ በሠራው “ካም ክሊን” ግን ዜማ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚንጠባጠብ ውኃ የሚመስል ድምፅ ብቻ ነው። እሱም ከሌላ የጃዝ ከበሮ መቺ፣ ከሼሊ ማን፣ የተወሰደ ነው። መንገዱ አንድ ቢሆንም የደረሰበት ቦታ በእጅጉ ይለያያል።

በ1991 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ ከሌላ ዘፈን መውሰድ ስርቆት ነው ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ የሰው ዜማ እንዳለ መጠቀም ውድ ሆነ። ብዙዎች ድምፃቸውን ለመለወጥ ተገደዱ። በትንሽ ቁራጭ ብዙ መሥራትን የለመደው ፕሬሚየር ግን በያዘው መንገድ ቀጠለ።

ገበያውም አልራቀውም። ጋንግ ስታር በሬዲዮ በሚዘወተረው ሙዚቃ ላይ ለመቀለድ የሠሩት “ማስ አፒል” ራሱ ተወዳጅ ሆኖ አረፈው። በ2006 ደግሞ የፖፕ ኮከቧ ክርስቲና አጊሌራ ፈልጋው መጣች። “ኤይንት ኖ አዘር ማን”ን ሲሠራላት ወደ ፖፕ አልተጠጋም፤ የሶል ሸክላውንና ከበሮውን ይዞ እሷን ወደ ራሱ አመጣት። ዘፈኑ ግራሚ አሸነፈላት።

ጉሩ በ2010 አረፈ። ፕሬሚየር ጓደኛው ቀርጾ የተዋቸውን ድምፆች ካገኘ በኋላ አዳዲስ ቢቶች ሠርቶላቸው በ2019 የጋንግ ስታርን የመጨረሻ አልበም አወጣ። የሠላሳ ዓመት አሠራሩን ያልጠበቀ ሰው ያንን ድምፅ መልሶ ማምጣት ይከብደው ነበር።

አሮጌ ሸክላን ቆራርጦ አዲስ ዘፈን የመሥራት ጥበብ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ናስ በ2010 ከሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሌ ጋር ያወጣው አልበም የሚከፈተው በሙላቱ አስታጥቄ “የግሌ ትዝታ” ላይ በተሠራ ዘፈን ነው። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት የካሊፎርኒያው ፕሮዲዩሰር ኦ ኖ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሙሉ አልበም ሠርቶ ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ ፕሮዲዩሰሮች የእኛን ሸክላ ይህን ያህል ካገላበጡት፣ የአዲስ አበባ ወጣት ቢት ሠሪዎች የሰሞኑን የውጭ ድምፅ ለመቅዳት የሚያጠፉትን ጊዜ ከፊሉን ለሙላቱና ለዘመን ጓደኞቹ ሥራ ቢሰጡት ይበጃቸዋል። ሲወስዱም ባለመብቱን አስፈቅደው፣ ተገቢውን ከፍለው ይሁን።