ሳይቃጠል በቅጠል
ጣሪያው ስለሚታጠፍ አሮጌ ቮልስዋገን አጠባበቅ

ሰው ከአባቱ የወረሰው ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በገበያ የሚጠየቅበት ነው፤ ሁለተኛው በቤተ ሰቡ ልብ ያለው ነው። የመጀመሪያውን ነጋዴ ይገምተዋል፤ ሁለተኛውን ግን ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገርበት ያሰብነው እንዲህ ሁለት ዋጋ ስላለው ዕቃ፥ ይኸውም ጣሪያው በሸራ ተሠርቶ ወደ ኋላ ስለሚታጠፈው አሮጌ ቮልስዋገን ነው።

ሕዝቡ በአጭሩ «ቮልስ» እያለ የሚጠራው ይህ አውቶሞቢል፥ ዓይነቱ ሁሉ ተደምሮ፥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የመጨረሻውም በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓመት ከፋብሪካ ወጣ። ባለ ሸራውን ግን ካርማን የሚባለው ፋብሪካ በጀርመን አገር በኦስናብሩክ ከተማ ከ1949 እስከ 1980 ሠራው፤ ቍጥሩም ከ330 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ የሞተሩ መለዋወጫ በቀላሉ ሲገኝ፥ የጣሪያው መለዋወጫ ፈላጊውን ያደክማል።

በቤታችን ያለው ቮልስ የ1969 ሞዴል ሲሆን አባታችን የተዉልን ነው። አባታችን በሕይወት ሳሉ ለልጃችን «በሠርግሽ ቀን ጣሪያውን ገልጠን እናጅብሻለን» እያሉ ተስፋ ይሰጧት ነበር። እሳቸው የሠርጉን ቀን ሳያዩ ዐረፉ። ልጅቱም በታጨች ጊዜ ከወርቅና ከልብስ አስቀድማ የጠየቀችን የአያቷን ቃል ነው። አውቶሞቢሉ ግን እሑድ እሑድ ልጆቹን ከማመላለስ በቀር እምብዛም አይሠራበትም ነበርና፥ ሸራው ተሰነጣጥቆ የግራው በር መስተዋትም ተሰብሮ ነበር። ታናሽ ወንድማችን «አሮጌውን ሸጠን ለሠርጉ ሌላ እንከራይ» እስከ ማለት ደረሰ። እኛ ግን ለአባታችን ቃል አድልተን ለአዲስ ሸራ የሚሆን ገንዘብ ለይተን አስቀመጥን፤ መስተዋቱንም ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ወረድን።

እዚያም አንዱን ባለ ሱቅ «የቮልስ የበር መስተዋት» ብለን ብንጠይቀው ወዲያው አውጥቶ ሰጠን። ደስ ብሎን ዋጋውን ከፍለን ይዘን ገባን። ወደ በሩ ቢያስገቡት ግን አልገጥም አለ። ለካ የሙሉ ጣሪያው መስተዋት ኖሯል፤ የባለ ሸራው ቅርፁ ሌላ ነው። ባለ ሱቁ የጠየቅነውን ሰጥቶናልና በደል የለበትም። ጥፋቱ የምንፈልገውን ለይተን ያልተናገርን የእኛ ነው።

በፍርድ ቤት ጕዳይ ያለው ሰው የመዝገቡን ቍጥር ሳይዝ ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ይውላል። የአውቶሞቢልም ነገር እንዲሁ ነው። የቮልስ የሻንሲ ቍጥር ከኋላው መቀመጫ ሥር፥ በወለሉ መካከል ከፍ ብሎ በሚሄደው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከ1965 እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች ቍጥሩ ዘጠኝ አሐዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 11 ቢሆኑ ሙሉ ጣሪያ፥ 15 ቢሆኑ ባለ ሸራ መሆኑን ያስረዳሉ፤ ሦስተኛው አሐዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። የእኛው በ159 ይጀምራል። ደግሞም ፋብሪካው የሞዴሉን ዓመት የሚጀምረው ከኦገስት ወር ነውና፥ በ1968 መጨረሻ የተሠራው አውቶሞቢል በ1969 እንደሚቈጠር ልብ ማለት ይገባል።

ይህን ያወቀ ሰው ፍለጋውን በሁለት ይከፍላል። ሞተሩ፥ ማርሹና ፍሬኑ ከዚያው ዓመት ሙሉ ጣሪያ ጋር አንድ ስለ ሆነ ከገበያ ይገዛል። የጣሪያው አጥንት፥ የበሩና የጎኑ መስተዋቶች፥ የፊቱም መስተዋት ክፈፍ የባለ ሸራው ብቻ ስለ ሆኑ፥ ቍጥሩንና ፎቶግራፉን በጀርመን ወይም በአሜሪካ ላለ ዘመድ ልኮ ማስፈለግ ይሻላል። ወደ ገበያም ሲወርድ አሮጌውን ስባሪ በእጁ ይዞ ይሂድ፤ ስባሪው ከአፍ ይልቅ አጥርቶ ይናገራልና። እኛም መስተዋታችንን በመጨረሻ ያገኘነው እንዲሁ አድርገን፥ ከጀርመን አገር በመጣ ዘመድ እጅ ነው።

በዚህ ስንደክም ሳለን ባለቤታችን አንድ እሑድ ማታ የትንሹን ልጅ ካፖርት ስታጥፍ «ኧረ እባክዎ፥ የልጁ ልብስ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ያን መኪና ያስዩት» አለችን። እኛም «አሮጌ መኪና ቤንዚን ባይሸት ምን ይሸታል?» ብለን ቀለድን። ሐሳባችን ሁሉ በሸራው ላይ ነበርና ነገሩን አልመረመርነውም።

መስተዋቱን ሊገጥሙ የመጡት ሽማግሌ መካኒክ ግን ወደ በሩ ሳይደርሱ ቆም ብለው አሸተቱ፤ የኋላውንም ኮፈን ከፈቱ። ከፖምፓው ወደ ካርቡራቶሩ ቤንዚን የሚያደርሰውን አጭር የጎማ ቱቦ በሁለት ጣታቸው ይዘው ጎበጥ ቢያደርጉት እንደ ድርቆሽ ተሰነጠቀ፤ ቤንዚኑም በጣታቸው ላይ ወረደ። ወደ እኛም ዘወር ብለው «ጌታዬ፥ ሸራው ቢቀደድ ሰው በዝናብ ይረጥባል፤ ይህ ቢቀደድ ግን ከነልጆቹ ይቃጠላል» አሉን።

ነገሩ እውነት ነው። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ፥ ልጆች ከሚቀመጡበት መቀመጫ በስተጀርባ ነው። የቤንዚኑ ፖምፓና ብልጭታውን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተርም ጎን ለጎን ናቸው። በጋለ ሞተር ላይ የወረደ ቤንዚን አንዲት ብልጭታ ያገኘው እንደ ሆነ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። የቱቦው ዋጋ ለሸራው ካስቀመጥነው ገንዘብ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም ነበር። የቀለድንበትንም ቃል አስታውሰን የባለቤታችንን ፊት ለማየት አፈርን።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በሌላ መንገድ ሄደ። የቤንዚኑ ቱቦ ከጋኑ እስከ ካርቡራቶሩ ድረስ ተለወጠ፤ የፍሬኑም የጎማ ቱቦዎች እንዲሁ። የቀረውም ለአዲስ ሸራ አልበቃምና አሮጌውን አስጠቀምነው። ይህንንም ለሙሽራይቱ እንዴት እንደምንነግራት ጨንቆን ነበር። እርስዋ ግን ሰምታ ሳቀች፤ «አያቴ ጣሪያውን ገልጠን ነው ያሉት፤ የታጠፈ ሸራ መቀደዱን ማን ያያል?» አለችን። በጥር ወር ፀሐይ ጣሪያው ተገልጦ፥ ሊሸጠው ያሰበው ወንድማችን ራሱ እየነዳ፥ የአባታችን ቃል ተፈጸመ።

እንዲህ ያለ አውቶሞቢል በቤቱ ያለ አንባቢ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ የተረዳነውን በአጭሩ እንጽፋለን።

አንደኛ፥ የቤንዚን ቱቦዎችን ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ አንድ በአንድ እየዳሰሱ መመርመር ነው። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ቢገኝ፥ ለቤንዚን ተብሎ በተሠራ ቱቦ ለውጦ ጫፍና ጫፉን በፋሸታ ማጥበቅ ይገባል። የእሳት ማጥፊያም ከመኪናው አይለይ።

ሁለተኛ፥ ቺንጋውን መመልከት ነው። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ማራገቢያውንም ከዲናሞው ጋር የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢረግብ ደኅና ነው። በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ቢበራ ወዲያው ቆሞ ቺንጋውን ማየት ነው፤ ተበጥሶ ሳለ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ሦስተኛ፥ ባትሪው ያለው ከኋላው መቀመጫ ሥር ነውና መክደኛው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። መክደኛ በሌለው ባትሪ ላይ ከባድ ሰው ቢቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ጫፎቹን ነክቶ እሳት ያስነሣል።

አራተኛ፥ በሩ አልዘጋ ቢል በማጠፊያው ብቻ አለመፍረድ ነው። ባለ ሸራው የላይኛው ብረት ስለሌለው፥ ፋብሪካው ከበሮቹ ግርጌ ባለው ክፍል ብርቱ ማጠናከሪያ አድርጎለታል። ያ በዝገት ከተበላ አውቶሞቢሉ መካከሉ ይጎብጣልና፥ ቀለም ከመቀባት በፊት ለላሜራ ሠራተኛ ማሳየት ይሻላል።

አምስተኛ፥ ዘይቱን፥ መጠኑ 2.5 ሊትር ነውና፥ በየ5,000 ኪሎ ሜትር መለወጥና ማጥለያውን ማጠብ ነው። ሸራውንም ርጥብ ሳለ አለማጠፍ፥ በቤንዚንም አለማጠብ ነው፤ ለስላሳ ብሩሽና ቀላል ሳሙና ይበቃዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን፥ ከቤት ሰው አንዱ «ይሸታል» ወይም «ይጮኻል» ሲል ቀልዱን ትቶ ኮፈኑን መክፈት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነውና።