ተማሪ ልጅን ለመጀመሪያ ሥራ ስለ ማብቃት

በሐዋሳ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ አንድ አባት ለዚህ ገጽ ጥያቄ አቅርበዋል። 16 ዓመት የሞላው ልጃቸው የሚማረው በጠዋት ፈረቃ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ግማሹን በጥናት፥ ግማሹን በመንገድ ዳር ያሳልፈዋል። አሁን ልጁ ራሱ «ከትምህርቴ ሳልጐድል ጥቂት ሰዓት የምሠራበት ቦታ ፈልጉልኝ» ቢላቸው እናቱ ደስ አላቸው፤ አያቱ ግን «የእኛ ልጅ ለሰው ተቀጥሮ ሲላላክ ቢታይ ምን እንባላለን?» ብለው ተቈጡ። አባትዮው በሁለቱ ቃል መካከል ቆመው ምክር ይለምናሉ። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ በሰፊው ልንመልስ ወደድን።

አስቀድመን ስለ ነውሩ እንናገር። በአገራችን በእጅ ሥራ የሚያድረውን ሰው መናቅ ሥር የሰደደ ልማድ ነበር፤ ስለዚህም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት አዋጅ ጠይቡንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድበውን ሰው ገሥጸዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ በመኳንንትና በሹማምንት ወገን ልጅ ዘንድ ዛሬም ደመወዝ ተቀብሎ መላላክ እንደ ውርደት የሚቈጠርበት ቤት አልጠፋም። ነገር ግን የቤተ ክህነቱን ትምህርት ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የቆሎ ተማሪ ቀለሙን የሚቀጽለው እንጀራውን በገዛ እግሩ እየለመነ፥ እንጨቱን እየለቀመ፥ ውኃውን እየቀዳ ነው፤ ከፍ ያለውም ብራና ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ዳዊት ጽፎ ለልብሱ ያገኛል። ከዚያ ጎጆ የወጡት ሊቃውንት በነገሥታት ፊት ቆመው ሲናገሩ፥ ማንም በልጅነታቸው ሥራ አላፈረባቸውም። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። እንግዲህ እኒያን አያት በአክብሮት የምንላቸው ይህ ነው፤ ልጅዎ ሠርቶ ሲታይ ቤትዎ አይዋረድም፤ ሥራ ፈትቶ በየማዕዘኑ ሲታይ ግን ይዋረዳል።

ይህን ስንል ሥራ ሁሉ ለልጅ ይበጃል ማለታችን አይደለም። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ እንዲጠበቅ፥ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠራ ደንግጓል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ቀድሞ በ1996 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ወሰኑ 14 ዓመት ነበረ። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን አዋጁ «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል፤ ለእርሱም በቀን ከ7 ሰዓት የበለጠ አይፈቅድም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፥ በትርፍ ሰዓት፥ በሳምንቱ የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ቀን ማሠራትንም ይከለክላል። ብዙ ወላጆች «እሑድ ትምህርት የለውምና እሑድ ይሥራ» ይላሉ፤ ሳምንታዊው ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ላይ ስለሚውል ይህ አሳብ ከሕጉ ጋር አይስማማም። ሰባቱ ሰዓት የመጨረሻው ወሰን እንጂ ለተማሪ የተመጠነ ልክ አለመሆኑንም አንርሳ። በትምህርት ወራት ከቀትር በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት፥ ቅዳሜም እስከ እኩለ ቀን ቢሠራ ይበቃዋል፤ ሰፋ ያለው ጊዜ ለሐምሌና ለነሐሴ ይቈየው።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ሐዋሳ የታነጸችው በ1950ዎቹ ዓ. ም. ነው፤ በ2012 ዓ. ም. የሲዳማ ክልል በቆመ ጊዜም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ልጅ ቶሎ ገንዘብ የሚያገኝበት በር በዚያ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በሩ ሁሉ ወደ መልካም ቤት አያስገባም። የታክሲ ረዳትነት ልጆችን አጥብቆ ይስባል፤ አዋጁ ግን ሰውንና ዕቃን በመንገድ፥ በባቡር፥ በአየርና በውኃ ላይ ማመላለስን ለወጣት ሠራተኛ ከሚከለከሉት ሥራዎች ጋር ቈጥሮታል። ስለዚህ ብላቴና በመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ ሊጠራ፥ በሐይቁም ላይ ጀልባ ይዞ መንገደኛ ሊያመላልስ አይገባውም። በአሞራ ገደል ዓሣ መበለት የሚያምር ሙያ ነው፤ ቢላዋውና ጥድፊያው ግን አጠገቡ የሚቆም ታላቅ ሰው ይፈልጋል። በሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች የቀኑ ሥራ አይከፋም፤ መጠጥ የሚቀዳበት የምሽቱ ሥራ ግን ለወንድም ለሴትም ልጅ አይሆንም። በሐምሌ 2008 ዓ. ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሙሉ ቀን የሚሠራ እጅ ስለሚፈልግ ለተማሪ አይመችም።

ታዲያ የሚመቸው የትኛው ነው ቢሉ፤ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት፥ የዳቦ መሸጫ፥ ጨዋ ልብስ ሰፊ ያለበት ሱቅ፥ ከሁሉም ይልቅ በታችኛው ክፍል ያሉትን ልጆች ማስጠናት ነው። ለሌላው የሚያስረዳ ተማሪ የራሱን ትምህርት ሁለት ጊዜ ይማራልና፥ ይህ ሥራ ደመወዙም ጥቅሙም እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ለባለሥልጣን አባቶች በግልጥ የምንናገረው አለ። ብዙው ሰው ሥራ ፍለጋ ሲባል ወደ አንድ ነጋዴ ስልክ ደውሎ «ልጄን አስጠጋልኝ» ማለት ይመስለዋል። ነገር ግን ፈቃዱንና ግብሩን በእጃችሁ የያዛችሁበት ነጋዴ የእናንተን ልመና የሚሰማው እንደ ትእዛዝ ነው። ልጁን ቢጠላውም ይቀበለዋል፤ ቢያጠፋም አይገሥጸውም፤ ባይሠራም ይከፍለዋል። ያ ገንዘብ ደመወዝ አይባልም፤ በልጅ እጅ የገባ መማለጃ ነው። ልጁም የሚማረው ሥራን አይደለም፤ የአባቱን ስም መብላት ነው። ስለዚህ አባት ከሥልጣኑ ጋር ጉዳይ የሌለውን ቤት ይምረጥ፤ ልጁም ብቻውን ገብቶ ይጠይቅ። የአባት ድርሻ በቤት ውስጥ ማዘጋጀት ነው፤ እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ፥ ስሙን፥ ዕድሜውን፥ የሚማርበትን ክፍልና ነጻ የሚሆንበትን ሰዓት እንዴት አሳጥሮ እንደሚናገር ያለማምደው። «አይሆንም» ቢሉት አመስግኖ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሂድ። ሦስት ደጅ ተመልሶ አራተኛው የተከፈተለት ልጅ፥ አባቱ በስልክ ካስገባው ይልቅ ሥራውን ያከብረዋል።

ሥራው ከተገኘ በኋላ ቃሉን በወረቀት ማኖር ያስፈልጋል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ከምናያቸው የደመወዝ ክርክሮች መካከል፥ እጅግ የሚያስቸግሩት «በቃል ተስማምተን ነበር» የሚሉት ናቸው፤ አንዱ «ይህን ያህል ልትከፍለኝ ነበር» ሲል ሌላው «አላልሁም» ይላል፥ ዳኛውም የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ የሥራው ዓይነትና ቦታ፥ የደመወዙ ልክ፥ የሚከፈልበት ቀንና ውሉ የሚቈይበት ዘመን ይጻፍ። ውሉ በቃል የሆነ እንደ ሆነም፥ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞበት በጽሑፍ እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል። ልጁ ሥራውን በሚተውበት ጊዜም የሠራውን ሥራ ዓይነት፥ የቈየበትን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጥ ምስክር ወረቀት ያለ ዋጋ የመቀበል መብት አለው። ወረቀቱ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ ነገ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ግን ስለ እርሱ የሚናገር የመጀመሪያው ምስክር ይሆናል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንጨምር። ወላጅ የልጁን ደመወዝ ተቀብሎ በቤት ወጪ ውስጥ ቢቀላቅለው የሥራውን ፍቅር ይገድልበታል፤ ጨርሶ ዝም ቢለው ደግሞ ገንዘቡ በሻይ ቤትና በስልክ ካርድ ያልቃል። መካከለኛው መንገድ ከፊሉን ለደብተርና ለጫማው፥ ከፊሉን በስሙ በባንክ እንዲያኖር፥ ጥቂቱንም በወደደው እንዲያወጣ መተው ነው። ከመጀመሪያው ደመወዙ ለእናቱ ወይም ለአያቱ አንዲት ነገር ገዝቶ ቢገባ ደግሞ፥ ምርቃቱ ከሒሳብ በላይ ነው።

በመጨረሻም መለኪያውን እንስጥ። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ወር ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ የልጁን ውጤትና ቀሪ ያለበትን ቀን ይጠይቅ። ውጤቱ እንደ ነበረ ከቈየ ወይም ከተሻሻለ ይቀጥል፤ ከወረደ የሥራው ሰዓት ይቀነስ፤ ቢቀነስም ካልተመለሰ እስከ ክረምት ይቋረጥ። ልጁንም ይህን ውል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስታውቁት፤ ሥራውን የሚያቈየው የገዛ ትምህርቱ እንደ ሆነ ያወቀ ልጅ ሁለቱንም ይጠብቃልና።