ናፍጣው ከጭነቱ ይቅደም

የፎገራ ቲማቲም ተለቅሞ ሳጥን ውስጥ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ነው። አርሶ አደሩ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ማለዳ ለቅሞ ከሰዓት ያስጭናል። መኪናው ግን ጭነቱን ይዞ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም፤ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ማደያ ነው። ሰልፍ ካለ ቲማቲሙ በሸራ እንደታፈነ ያድራል። የታችኛው ሳጥን ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ነጋዴው ኪሳራውን ብዙ ጊዜ የሚያወራርደው ከአርሶ አደሩ ሒሳብ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መኪናው ባዶውን ይቅዳ፤ ለቀማው ሾፌሩ «ሞልቻለሁ» ብሎ ሲደውል ይጀመር። ባዶ መኪና ሰልፍ ላይ ቢያድር የሚጎዳው የሾፌሩ እንቅልፍ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ቲማቲም ግን አይበሰብስም።

መንገዱም ሒሳብ ይፈልጋል። ከወረታ በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ተጭኖ በሊትር 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢያንስ 150 ሊትር ናፍጣ ያስፈልገዋል። ታንኩ 200 ሊትር የሚይዝ ከሆነ የትም ሳይቆም ይደርሳል። 100 ሊትር ብቻ ከያዘ ግን አንድ ጊዜ መቅዳት ግድ ነው፤ ቦታውም ደብረ ማርቆስ ነው እንጂ ከደጀን ወዲያ አይደለም። የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ዳገት የሚወጣበት ነው፤ ከባድ ጭነት በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ናፍጣው ከተለመደው በላይ ይነድዳል። ናፍጣ ጨርሶ የቆመ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ አይነሳም፤ በመስመሩ የገባው አየር መውጣት አለበት። የመንገድ ዳር ጄሪካንም መፍትሔ አይሆንም፤ ውሃ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ፓምፑንና አፍንጫውን ያበላሻል፤ የጥገናው ወጪም ውሎ አድሮ ወደ ማጓጓዣ ዋጋው ይዞራል።

ሾፌሩ ቢጠነቀቅም ማደያው ደረቅ ከሆነ የትም አይደርስም። እዚህ ላይ የወረዳው ድርሻ ይመጣል። ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣ በመሆኑ በየቀኑ ላይገኝ ይችላል፤ ቦቴው የሚገባበትን ቀን ግን የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ማወቅ አያቅተውም። ቲማቲሙ የሚደርስበትን ሳምንት ደግሞ ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ያውቃል። ሁለቱ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ ጎረቤት ናቸው፤ ወሬው ግን በአጥሩ አይሻገርም።

በለቀማ ሳምንታት አንድ መቅጃ ለተወሰነ ሰዓት ለአትክልት መኪናዎች ቢለይ ሌላው ተሰላፊ ብዙ አይጎዳም። «እኔም አትክልት ልጭን ነው» የሚል እንደሚበዛ ግን አያጠራጥርም። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሰሌዳ ቁጥርና ቀን ያለበት ወረቀት ይስጥ፤ ቀድቶ ወደ መጫኛው ያልመጣ መኪና በቀጣዩ ሳምንት ተራ አያግኝ። ይህን ለመጀመር አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ለቀማው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች ከማደያው ባለቤት ጋር አንድ ቀን መቀመጣቸው ነው።