ርቀት ሌላ፣ ሰዓት ሌላ



የሒሳብ ትምህርት ታላቅ ጥቅም እንዳለው የሚክድ ተማሪ የለም። ነገር ግን ቁጥር ብቻውን እውነቱን ሁሉ አይናገርም። ይህን የተረዳሁት በገዛ ስሕተቴ ስለ ሆነ፣ ለጓደኞቼ ትምህርት እንዲሆን ልጽፈው ወደድሁ።

ታላቅ እህቴ ወደ ዋሽንግተን በምትሄድበት ዋዜማ እናቴ፣ «ልጄ፣ አንተ ተማሪ ነህና ንገረኝ፤ ስንት ሰዓት ትሄዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። አካፈልሁና «13 ሰዓት ነው፣ እማዬ» አልኋት። 13ቱ ሰዓት አለፈ፤ ስልክ አልተደወለም። እናቴ ስልኩን በእጇ እንደ ያዘች እህል ሳትቀምስ ቆየች። 17 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ እህቴ በደኅና ገብታለች። አይሮፕላኑ የደረሰው በተወሰነለት ሰዓት ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ሒሳብ ነው።

ምክንያቱን መምህሬን ጠይቄ ተረዳሁ። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉን የማንሣት ኃይሉ ያንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ አይሮፕላን ሰውና ጭነት ይዞ፣ ነዳጁንም ሞልቶ ከቦሌ መነሣት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና እንደ ሮማ ወይም እንደ ደብሊን ባለ ከተማ አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም፤ ከዚያ የሚነሣው ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል አዲስ አበባ ይገባል። በላይኛው አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም ሲሄድ ይቃወመዋል፣ ሲመለስ ያግዘዋል።

መንገድ ላይ ማረፍ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በአሥመራ በኩል ነበር። ለእኛ ለአምቦ ሰዎችም ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከአምቦ አዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ የሚያልፈው አውቶቡስ ሰው ሲያወርድና ሲያሳፍር፣ በገበያ ቀንም ከብት እስኪሻገር ሲቆም የሚደርስበትን ሰዓት በማካፈል ብቻ የሚያውቅ የለም። ለአውቶቡስ የምናስበውን ለአይሮፕላን ለምን እንረሳለን?

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህን ማወቅ የአብራሪ ሥራ ነው» ይሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን የተማሪም ሥራ ነው። በከተማችን ልጃቸውን ወይም ዘመዳቸውን ወደ ውጭ አገር የላኩ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው፤ ሰዓቱን የሚጠይቁትም እኛን ነው። እንግዲህ ስንጠየቅ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን አይሮፕላኑ የት እንደሚያርፍ፣ የዚያም አገር ሰዓት ከእኛ በምን ያህል እንደሚለይ አጣርተን እንንገር። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው። የማናውቀውንም «ጠይቄ ልንገርሽ» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያን ቃል ብናገር ኖሮ እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት በጭንቀት ባላሳለፈች ነበር።