ለደጋም ለቆላም አንድ ምክር?

የማዳበሪያ ምክር የአካባቢን አፈርና አየር ጠባይ ተከትሎ መሰጠት አለበት። ገበሬው አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብሎ የለየው ለስም አይደለም፤ ገብሱም ጤፉም ማሽላውም፣ የገበታው ዓይነት ጭምር፣ ከዚያው ይቀዳል። ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለው ምክር በየቦታው ሲደጋገም ኖሯል። ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብ ደጋዎች አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ፣ ኖራ ካልቀደመ ከማዳበሪያው ፎስፈረስ ብዙው ተክሉ ሊወስደው በማይችል መልክ ይታሰራል፤ ውሃ በሚቋጥረው መረሬ ላይ ደግሞ ቀዳሚው ሥራ ማጠንፈፍ ነው።

ምክሩን በየአካባቢው መለየት ወጪ ይጠይቃል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ፣ ብዙ ጊዜም ገበሬው በብድር የሚወስደው ማዳበሪያ ያለ ቦታው መበተኑ ይበልጥ ውድ ነው። የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሥራ ከ10 ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ የግዥ ዕቅዱ ከካርታው ይነሳ፤ ኖራም ክረምቱ ሳይገባ ቀበሌ ይድረስ።